የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውጭ አገር በካርድ ሲከፍሉ ማን ምን ይቆርጣል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ አንድ መነሻ አላቸው፤ ውጭ አገር በካርድ ተከፍሎ የባንክ መግለጫው ሲመጣ ደረሰኙ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አልገጥም ማለቱ። ስሌቱን ለመከታተል እንዲመች ካርዱ በዶላር የሚሰራ፣ ግዢው በዩሮ የተፈጸመ፣ የገበያውም ምንዛሪ 1 ዩሮ በ1.10 ዶላር እንደሆነ አድርገን ወስደናል። ገንዘቦቹ ሌላ ቢሆኑም አካሄዱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሆቴል ውስጥ 200 ዩሮ ስከፍል የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ «በራስዎ አገር ገንዘብ ይሁንልዎ?» አለችኝ። ማሽኑ ላይም «ያለ ኮሚሽን» የሚል ስላነበብኩ እሺ አልኩ። ባንኩ የቆረጠብኝ ግን ከ240 ዶላር በላይ ነው። 200 ዩሮ 220 ዶላር አይደል? ቀሪው የት ገባ?

መልስ፦ ቀሪው የሄደው «እሺ» ባሉበት ቅጽበት ነው። ፖስ ማሽኑ የካርድዎን የመጀመሪያ አሃዞች ሲያነብ ካርዱ በየትኛው አገር ባንክ እንደተሰጠ ያውቃል። እሺ ሲሉ ዩሮውን ወደ ዶላር የሚቀይረው የእርስዎ ወገን መሆኑ ይቀራል፤ የሆቴሉ ባንክ ወይም አብሮት የሚሰራ የምንዛሪ ድርጅት ራሱ ባወጣው ተመን እዚያው ይቀይረዋል። በተመኑ ላይ የሚጫነው ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይሆናል፤ ኤቲኤም ላይ ከዚህም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከትርፉ ለነጋዴውም ድርሻ የሚታሰብበት አሰራር የተለመደ ነው። «ያለ ኮሚሽን» የሚለው ጽሑፍ በቃል ደረጃ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ለብቻው የተጻፈ ኮሚሽን የለም፣ ትርፉ ተመኑ ውስጥ ተደብቋል።

በቁጥር እንየው። ማሽኑ 6 በመቶ ጨምሮ 1 ዩሮን በ1.166 ቢቀይር 200 ዩሮው 233.20 ዶላር ይሆናል። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ሂሳቡ በዶላር ቢመጣም ሻጩ ያለው ውጭ አገር ስለሆነ፣ ብዙ ባንኮች የውጭ ግብይት ክፍያቸውን ከዚያም ላይ ይቆርጣሉ። ክፍያው 3 በመቶ ከሆነ 7 ዶላር ገደማ ይጨመርና 240.20 ይደርሳል። በዩሮ ከፍለው ቢሆን ኖሮ 220 ዶላር ላይ 3 በመቶ ተጨምሮ 226.60 አካባቢ ይወጣብዎት ነበር። ለአንድ ጥያቄ የተከፈለ 13.60 ዶላር መሆኑ ነው።

ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ «በአገሩ ገንዘብ» ነው። «ቢያንስ ስንት እንደሚቆረጥብዎ አሁኑኑ ያውቃሉ» የሚል ማሳመኛ ሊሰሙ ይችላሉ። እውነት ነው፣ ያውቃሉ፤ ግን ለማወቁ ብቻ 6 በመቶ መክፈል አያዋጣም። የባንክዎ ክፍያ ከማሽኑ ትርፍ የሚበልጥበት አጋጣሚ በወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል። ባንኩ የተቀየረውንም ሂሳብ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ያ አጋጣሚ እንኳ ይጠፋል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ማሽኑን በእጅዎ ይያዙ፤ አንዳንድ ቦታ ሻጩ ራሱ ተጭኖልዎ የሚስጥር ቁጥር ብቻ እንዲያስገቡ ይሰጥዎታል። ካርዱን አስጠግተው ሲከፍሉም የምርጫው ገጽ ካስጠጉ በኋላ ሊመጣ ይችላልና ቶሎ ዞር አይበሉ። ገጹ ላይ ሁለት መስመር ይታያል፣ አንዱ በዶላር አንዱ በዩሮ። የዶላሩ መስመር ብዙ ጊዜ ከላይ ይሆናል፣ ወይም በአረንጓዴው ቁልፍ በኩል ይቀመጣል። የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ከድምሩ አጠገብ ያሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ያንብቡ፤ የገንዘቡን ዓይነት በትክክል የሚነግርዎ እነሱ ናቸው። በምልክት ብቻ አይተማመኑ፤ የዶላር ምልክትን የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የሲንጋፖርና የሌሎችም አገሮች ገንዘቦች ይጋሩታል። ተመኑን መፈተን ከፈለጉ የዶላሩን ድምር ለዩሮው ድምር ያካፍሉ፦ 233.20 ሲካፈል ለ200፣ 1.166። ጠዋት ስልክዎ ላይ ያዩት 1.10 ከነበረ ትርፉን እዚያው ያገኙታል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ይህን አገልግሎት የሚያቀርብ ሁሉ ትርፉን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር አነጻጽሮ በመቶኛ ማሳየት አለበት። ቁጥሩ በትንሽ ፊደል ቢሆንም ገጹ ላይ ይኖራል፤ ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ እኔን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው በካርዴ ገንዘብ የተቆረጠብኝ። ያወቅኩት ደረሰኙን ሳይ ነው። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለዎት። የቪዛም ሆነ የማስተርካርድ ደንብ ገንዘቡን የመምረጥ መብት የካርዱ ባለቤት ነው ይላል። ከሱቁ ሳይወጡ ካዩት ነገሩ ቀላል ነው፤ ክፍያው እንዲሰረዝና በአገሩ ገንዘብ እንደ አዲስ እንዲከፈል ይጠይቁ። እዚህ ላይ ቃሉን ይለዩ፦ የሚፈልጉት «ስረዛ» ነው እንጂ «ተመላሽ» አይደለም። ማሽኑ የቀኑን ሂሳብ ዘግቶ ወደ ባንክ ከመላኩ በፊት የተሰረዘ ክፍያ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ተመላሽ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ግብይት ስለሆነ እንደገና ምንዛሪ ይነካዋል።

ደረሰኙ ላይ የሚያስፈርሙዎት ከሆነ ከፊርማው መስመር በላይ ያለውን ያንብቡ። «የገንዘብ ምርጫ ቀርቦልኝ ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ምርጫ ካልቀረበልዎ ይህን ፈርሞ መውጣት በኋላ የሚያቀርቡትን አቤቱታ ያዳክመዋል። አናርምም ካሉዎት ከፊርማዎ አጠገብ «ምርጫ አልተሰጠኝም» ብለው ይጻፉ፣ ደረሰኙን ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ካርዱን ለሰጠዎት ባንክ «ያለ ፈቃዴ በተሳሳተ ገንዘብ ተቆርጦብኛል» ብለው አቤቱታ ያስገቡ። የማስገቢያ ጊዜው ገደብ ስላለው ከጉዞ እስኪመለሱ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባንኬ በውጭ ግብይት ላይ 3 በመቶ እንደሚያስከፍል ነግሮኛል። በአገሩ ገንዘብ ከፍዬ፣ 3 በመቶውንም ደምሬ አሁንም ትንሽ ልዩነት አለ። ለምን?

መልስ፦ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ቀኑ ነው። ዕቃ ሲገዙ ገንዘቡ ወዲያው አይቆረጥም፤ በጊዜያዊ ግምት ይያዛል። ሻጩ ሂሳቡን ልኮ ክፍያው ሲወራረድ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ የመጨረሻው ድምር ይመዘገባል። ስልክዎ ላይ መጀመሪያ ያዩትና በኋላ መግለጫው ላይ የሚያዩት የሚለያየው ለዚህ ነው። ይህ ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ስለሚችል ማንም ሆን ብሎ የወሰደብዎት አይደለም።

ሁለተኛው ግን ሊመረመር ይገባዋል። አንዳንድ ባንኮች የካርድ ድርጅቱን (የቪዛን ወይም የማስተርካርድን) ተመን እንዳለ አይጠቀሙም። ካርድዎ ከዶላር ሌላ በሆነ ገንዘብ የሚሰራ ከሆነ ሂሳቡ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ዶላር ይቀየርና ባንኩ በራሱ የመሸጫ ተመን ዶላሩን ወደ እርስዎ ገንዘብ ይቀይረዋል። ሁለት ምንዛሪ፣ ሁለት ኅዳግ፤ ማለትም በተመኑ ላይ ሁለት ጊዜ የሚጫን ትርፍ። በዓለም ገበያ ብዙ የማይዘዋወር ገንዘብ የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ይህ ይበልጥ ያጋጥማል፤ 3 በመቶው ከዚህ በላይ ነው የሚጨመረው።

ለማጣራት ቪዛና ማስተርካርድ በድረ ገጻቸው ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ የምንዛሪ ማስሊያ አላቸው። ሂሳቡ የተመዘገበበትን ቀን፣ ሁለቱን ገንዘቦችና የባንክዎን የመቶኛ ክፍያ ያስገባሉ፤ ድምሩን ያወጣልዎታል። መግለጫዎ ከዚያ በግልጽ ከበለጠ ባንኩ በራሱ ተመን እየሠራ መሆን አለበት። ለጉዞ ከመነሳትዎ በፊት ባንክዎን «ኮሚሽኑ ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይመለሱ። በማን ተመን ነው የምትቀይሩት? በቀጥታ ነው ወይስ በዶላር በኩል? ሻጩ በእኔ ገንዘብ ቢያስከፍለኝም የውጭ ግብይት ክፍያውን ትቆርጣላችሁ? ኤቲኤም ላይስ በአንድ ጊዜ ስንት ነው? ብለው ይጠይቁ። የውጭ ግብይት ክፍያ የሌላቸው ካርዶችም ስላሉ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚጓዝ ሰው እነዚህን ቢፈልግ ድካሙን ይክሰዋል።

ጥያቄ፦ ብዙ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ስለምፈራ በየሁለት ቀኑ 50 ዩሮ ከኤቲኤም አወጣለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ኤቲኤም ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁርጥ ክፍያዎች አሉ፦ የማሽኑ ባለቤት የሚወስደውና የራስዎ ባንክ የሚወስደው። ሁለቱም የገንዘቡን መጠን አይተው አይቀንሱም። አንዱ 4 ሌላው 5 ዩሮ ቢሆን፣ 50 ዩሮ ሲያወጡ 9 ዩሮ ይከፍላሉ፤ 18 በመቶ ነው። አራት ጊዜ ሲያወጡ 36 ዩሮ ይሆናል። 200 ዩሮ በአንድ ጊዜ ቢያወጡ ግን ያው 9 ዩሮ፣ 4.5 በመቶ ብቻ። አውጥተው ግማሹን በተቆለፈ ሻንጣ ወይም በክፍልዎ ካዝና ያስቀምጡ፤ ካርድ በሚቀበል ቦታ ሁሉ ደግሞ በካርድ እየከፈሉ ጥሬውን ያቆዩት።

ማሽኑን ሲመርጡ የባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ያለውን ያስቀድሙ። በአየር ማረፊያ፣ በቱሪስት ሰፈርና በሱቆች በር ላይ ብቻቸውን የቆሙት ኤቲኤሞች አብዛኛውን ጊዜ ክፍያቸው የከፋ ነው፤ ካርድዎን ቢውጡም የሚያነጋግሩት ሰው አጠገብ የለም። ክፍያውን የሚገልጸው ገጽ ሲመጣ ከበዛብዎ አቋርጠው ይውጡ፤ እስከዚያ ድረስ ያ ማሽን ምንም አይቆርጥብዎትም። ዝግጁ ሆነው የተደረደሩት መጠኖች ከሚፈልጉት በላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ «ሌላ መጠን» የሚለውን ይጫኑና ራስዎ ይጻፉ።

ከዚያ የምንዛሪው ገጽ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «የተረጋገጠ ተመን» ይልና በሁለት ቁልፍ ያስመርጥዎታል፤ «ዊዝ ኮንቨርዥን» (ከምንዛሪ ጋር) እና «ዊዝአውት ኮንቨርዥን» (ያለ ምንዛሪ)፣ ወይም «አክሴፕት» (እቀበላለሁ) እና «ዲክላይን» (አልቀበልም)። ሰው «ዲክላይን» ን ሲያይ ገንዘቡ የሚከለከል ይመስለውና ደንግጦ ይቀበላል። የሚከለክሉት ምንዛሪውን ብቻ ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ምንዛሪውም በእርስዎ ባንክ በኩል ይሠራል። አንዳንድ ማሽን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግመው ዲክላይን ይበሉ።

የራስዎ ባንክ የቀን ማውጫ ጣሪያም የሚታሰበው በእርስዎ ገንዘብ ነው። ጣሪያው ዝቅተኛ ከሆነ አንድ ትልቅ ማውጣት ስለማይቻል ቁርጥ ክፍያው ይደጋገማል፤ ከመነሳትዎ በፊት ከፍ ያስደርጉት።

ጥያቄ፦ ዴቢት ካርዴ አልሠራ ሲለኝ በክሬዲት ካርድ 200 ዩሮ አወጣሁ። ወለድ ተቆጥሮብኝ አየሁ፤ ሂሳቤን ግን በጊዜው ነበር የከፈልኩት።

መልስ፦ ክሬዲት ካርድ የሚሠራው በባንኩ ብድር ነው፤ ዕቃ ሲገዙበት የሚሰጠው ከወለድ ነጻ ጊዜ ለጥሬ ገንዘብ አይሠራም። ወለዱ ገንዘቡን ካወጡበት ቀን ይጀምራል፣ መጠኑም ከግዢው ወለድ ከፍ ሊል ይችላል፤ በላዩ ላይ የማውጫ ክፍያ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ከተወሰነ ዝቅተኛ መጠን በታች የማይወርድ። በ5 በመቶ 10 ዩሮ፣ በዓመት 28 በመቶ ወለድ ደግሞ ለ30 ቀን 4.60 ዩሮ ገደማ፤ የኤቲኤሙና የምንዛሪው ክፍያ ሳይቆጠር። ግድ ሆኖብዎ ካወጡ መግለጫውን ሳይጠብቁ በማግስቱ ወደ ካርዱ ገንዘብ ያስገቡ፤ ወለዱ እዚያ ይቆማል። በምንዛሪ ቢሮ በክሬዲት ካርድ ገንዘብ መግዛትና በካርዱ የቁማር ቤት ገንዘብ መቀየርም ብዙ ባንኮች ዘንድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚቆጠሩ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ መኪና ተከራይቼ ስመለስ የካርዴ ገንዘብ ለሁለት ሳምንት ያህል ታግዶ ቆየ። ኪራዩን ከፍያለሁ እኮ።

መልስ፦ የታገደው መያዣው ነው። የመኪና አከራዮችና ሆቴሎች መጀመሪያ ላይ ለጉዳት ወይም ለተጨማሪ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ካርድዎ ላይ ያስይዛሉ። ራስን በራስ የሚያስተናግዱ የነዳጅ ማሽኖችም ከሚቀዱት በላይ የሆነ መጠን ይይዛሉ። ገንዘቡ አልተወሰደም፤ ግን ሊጠቀሙበት አይችሉም። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የብድር ጣሪያዎን ነው የሚያጠበው። በዴቢት ካርድ ከሆነ የራስዎ ገንዘብ ነው የሚታሰረው፤ በጉዞ መሃል ባዶ እጅ ያስቀራል። ስለዚህ ለመያዣ ክሬዲት ካርድ ይስጡ። ብዙ የመኪና አከራዮች ቅድመ ክፍያ ካርድን (ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበትን) ለመያዣ ጨርሶ አይቀበሉም።

ሲመለሱ የመጨረሻውን ሂሳብ መያዣ በተያዘበት በዚያው ካርድ ይክፈሉ። በሌላ ካርድ ከከፈሉ ሁለቱ ግብይቶች አይገናኙም፤ መያዣው ጊዜው እስኪያልፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «የቀድሞውን መያዣ ልቀቁልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፣ የለቀቁበትን ወረቀትም ይቀበሉ። መያዣ እንጂ ክፍያ አለመሆኑንም ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ቦታ መያዣውን እንደ ሙሉ ክፍያ ቆርጠው በኋላ ይመልሳሉ፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ምንዛሪ ይነካዎታል።

ጥያቄ፦ 100 ዩሮ የገዛሁትን ዕቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ መለስኩ። 100 ዩሮው ሙሉ ተመልሷል ተባልኩ፤ ሂሳቤ ውስጥ ግን ጎድሎ ነው የገባው።

መልስ፦ ሻጩ በዩሮ ሙሉውን መልሷል። ሲገዙ 110 ዶላር ወጣ፣ 3 በመቶ ማለትም 3.30 ተጨመረ። ሲመለስ ዩሮ ወደ 1.06 ወርዶ ከነበረ የሚገባልዎ 106 ዶላር ነው። ባንኩ 3.30ውን ካልመለሰ በድምሩ 7.30 ጎደለ። ዩሮ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ከምንዛሪው ያተርፉ ነበር፤ ኮሚሽኑ ግን በሁለቱም መንገድ የባንኩ ነው። በተመላሽ ጊዜ እንዲመልስ ባንኩን ይጠይቁ፤ የሚመልሱ አሉ።

ጥያቄ፦ በስልክ አስጠግቼ ብከፍል ይቀንስልኛል?

መልስ፦ አይቀንስም። ስልኩ ውስጥ ያለው ያው ካርድዎ ነው፤ ክፍያውም የካርዱ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ሆቴል ያዝኩ። ዋጋው በእኔ ገንዘብ ነበር የተጻፈው፤ ግን የውጭ ግብይት ክፍያ ተቆረጠብኝ።

መልስ፦ ለብዙ ባንኮች ወሳኙ የሻጩ ባንክ የሚገኝበት አገር ነው፤ እርስዎ የት እንደተቀመጡና ዋጋው በምን እንደተጻፈ አይደለም። በዚያ ላይ ድረ ገጹ ዋጋውን ወደ እርስዎ ገንዘብ የቀየረው በራሱ ተመን ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የገንዘቡን ዓይነት ሆቴሉ ወዳለበት አገር ገንዘብ ይቀይሩና ሁለቱን ዋጋ ያወዳድሩ። በኢንተርኔት የክፍያ አገልግሎት በኩል ከሆነም የምንዛሪ ምርጫ የሚል ቦታ ውስጥ «በካርዴ ባንክ ይቀየር» የሚለውን ይፈልጉ፤ ሳይነካ ሲተው ብዙ ጊዜ የሚቀይረው አገልግሎቱ ራሱ ነው፣ ውድ በሆነ ተመን።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ በካርድ ከከፈልክ 3 በመቶ እጨምራለሁ አለኝ። ይችላል?

መልስ፦ እንደ አገሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ፣ እዚያው ባሉ ባንኮች በተሰጡ የግል ተጠቃሚ የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶች ላይ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ተከልክሏል። በሌሎች ብዙ አገሮች ይፈቀዳል፤ ግን አስቀድሞ መነገር አለበት። ከተነገረዎት በኋላ ጥሬ ገንዘብ ካለዎት ያወዳድሩ፤ ጥሬውን ከኤቲኤም በ4.5 በመቶ ወጪ አውጥተውት ከሆነ የነጋዴው 3 በመቶ ሊሻልዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላበት የጉዞ ካርድ ከዚህ ሁሉ ያድነኛል?

መልስ፦ ከከፊሉ። ተመኑ ሲሞሉት ስለሚወሰን በጉዞ መሃል ምንዛሪ ቢወጣ ቢወርድ አይነካዎትም። ግን የሚሞሉበት ተመን ራሱ ኅዳግ አለው፤ የመሙያ፣ የኤቲኤም፣ ለወራት ካልተጠቀሙበት ደግሞ የወር ክፍያ ሊኖር ይችላል። አንዳንዶቹ ቅዳሜና እሁድ ገበያ ስለሚዘጋ በተመኑ ላይ ይጨምራሉ፤ ዓርብ ከገበያ መዘጊያ በፊት መቀየር ያንን ያስቀራል። በዩሮ ሞልተውት ሌላ ገንዘብ በሚጠቀም አገር ከከፈሉበት እንደገና ይቀየራል። ሲመለሱም የተረፈውን ለማውጣት የሚያስከፍሉ ስላሉ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት የሆቴሉን ሂሳብ በእሱ ከፍለው ባዶ ያድርጉት፤ ካልበቃ ቀሪውን በሌላ ካርድ እንዲከፍሉ ሆቴሉ ሂሳቡን ለሁለት እንዲከፋፍልልዎ ይጠይቁ። የመያዣው ነገር ግን እንዳይረሳ፦ መያዣ የተያዘበት ካርድ ሌላ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ያስለቅቁት።